ሃያ ስምንት ጥርስ ያለው ጭራቅ

ጥቅምት 6 ቀን

ለተከበሩ ዶክተር አክስቴ፣

ከሁሉ በፊት ጤናዎን፣ ከጤናዎ ቀጥሎ ሥራዎን፣ ከሥራዎ ቀጥሎ የክፍልዎን ሙቀት እጠይቃለሁ። እኛ ደህና ነን። እማዬ ደህና ናት፣ የስፌት መኪናዋም ደህና ናት፤ መርፌ ሰብረሻል እየተባልኩ የምወቀሰው እኔ ብቻ ነኝ። «አንቺ» ብዬ ጽፌልዎት ነበር፤ እማዬ «ዶክተር ሰው አንቺ አይባልም» ብላ ወረቀቱን ቀደደችብኝ። ስለዚህ ይህ ሁለተኛው ነው።

እኔ የእህትዎ ልጅ ነኝ። ወደ ውጭ አገር ሲሄዱ የአራት ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ አሁን አሥራ አራት ሞልቶኛል። እማዬ ጫማ እንድጠይቅዎት አዛኛለች። ጫማው ይቆይ። እኔ የምፈልገው ጥርስ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ረጅሟ ከምንላት የክፍል ጓደኛዬ ጋር «ድንጋጤ» የሚባል መጽሔት እናዘጋጃለን። እኔ ጸሐፊና ዋና አዘጋጅ ነኝ፣ እሷ ሠዓሊ ናት። ስለ ጭራቅ፣ ስለ መንፈስና ስለ አስፈሪ ፊልም ብቻ ነው የምንጽፈው። በካርቦን ወረቀት ሦስት ሦስት ቅጂ እናወጣለን። የመጀመሪያው ጥርት ያለ ነው፣ ሁለተኛው ይነበባል፣ ሦስተኛው ግን ራሱ መንፈስ ነው፤ መስኮት ላይ ለጥፈው ካልያዙት አይታይም። ገጾቹን መሃል ለመሃል በእማዬ መኪና እሰፋቸዋለሁ። ወረቀት መርፌ እንደሚያደነዝዝ ያወቅኩት ያኔ ነው፤ እማዬም ያኔ ነው ያወቀችብኝ። ፊልም ስንገመግም ኮከብ አንሰጥም፤ ዓይናችንን በስንት ጣት እንደሸፈንን ነው የምንጽፈው። እስካሁን ከአራት ጣት ያለፈ ፊልም የለም።

ለአራተኛው ቁጥር አዲስ ጭራቅ ፈጥረናል። የሚኖረው በትምህርት ቤታችን የውሃ ታንከር ውስጥ ነው፤ ስሙ የታንከሩ ጌታ ነው። ፊቱ የሰው ፊት ነው። ረጅሟ አፉን ልትስል ስትል ተጣላን። እሷ ስምንት ጥርስ ይበቃዋል ትላለች። እኔ ደግሞ አንባቢ ቆጥሮ ከሳቀ ጭራቁ አለቀለት ባይ ነኝ። ሰው የሚፈራው ትንሽ እውነት ያለበትን ነገር ነው። ቤተሰባችን ውስጥ የጥርስ ሐኪም እያለች ለምን በግምት እንሠራለን? እባክዎ ይንገሩን፤ የአዋቂ ሰው ጥርስ ስንት ነው? ቀለሙ በትክክል ምን ዓይነት ነው? ሰው ጥርሱ በሙሉ ቢወልቅ ፊቱ ምን ይመስላል?

የታንከሩ ጌታ ባዶ አፉን ከፍቶ መልስዎን እየጠበቀ ነው።

አክባሪዎ፣ የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 4 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላምሽ ይብዛ፤ እናትሽንም ሳሚልኝ። እኔ ደህና ነኝ፣ ክፍሌም ይሞቃል።

አንቱታውን ተይው። በአራት ዓመትሽ ጀርባዬ ላይ ታዝለሽ ጆሮዬን ነክሰሽኛል፤ ጆሮዬን የነከሰች ልጅ አንቱ አትለኝም። «ዶክተር» የሚለውንም ተይውና አክስቴ በይኝ፤ ይበቃኛል።

ደብዳቤሽን ሥራ ቦታ ላይ አነበብኩትና ብቻዬን ሳቅኩ። አብራኝ የምትሠራው ሴት ምን ሆንሽ አለችኝ። አሥር ዓመት ሙሉ ከቤት ደብዳቤ ሲመጣልኝ ስለማውቀው ነገር የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። አሁን ሳትሰለቺ አንብቢ።

አዋቂ ሰው ሃያ ስምንት ጥርስ አለው፤ አሥራ አራት ከላይ፣ አሥራ አራት ከታች። ይህን በየቀኑ የማየው ነገር ስለሆነ ሳትፈሪ ጻፊው። ቀለሙን ነጭ እንዳታደርጉት። ነጭ ጥርስ ያምራል እንጂ አያስፈራም። ጫፉን ወደ ግራጫ፣ ሥሩን ወደ ቢጫ አስጠጉት። ደግሞ ሰው ሲያኝክ የሚያደላለት ጎን አለው፤ በዚያ በኩል ያለው ጥርስ ተበልቶ ይለሰልሳል፣ በሌላው በኩል ያለው እንደ ተሳለ ይቀራል። ስለዚህ ከመሳላችሁ በፊት ጭራቃችሁ በየትኛው ጎኑ እንደሚበላ ወስኑ።

ጥርስ ሲወልቅ ከንፈር ወደ ውስጥ ይገባል፣ ጉንጭ ይሰረጉዳል፣ አገጭ ወደ አፍንጫ ይጠጋል። «ሰ» ማለት ፉጨት ይሆናል። በደንብ የማውቃቸውን ሰዎች እንኳ ጥርሳቸውን አውጥተው ሳገኛቸው አንዳንዴ ማን እንደሆኑ ይጠፋኛል።

መጽሔቱ ሲያልቅ አንድ ላኪልኝ። ሦስተኛውም ቅጂ ቢሆን ግድ የለም፤ መስኮት አለኝ።

አክስትሽ


ኅዳር 27 ቀን

ለውዷ አክስቴ፣

አንቺ፣ አንቺ፣ አንቺ። እማዬ ገበያ ወጥታለች።

ጤናሽ እንደ ብረት ይሁን። አራተኛው ቁጥር ወጥቷል፤ ሁለተኛውን ቅጂ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። የታንከሩ ጌታ በግራ ጎኑ ነው የሚበላው። ረጅሟ ሃያ ስምንቱንም አንድ በአንድ ሳለቻቸው፤ ስትጨርስ ራሷ ደብተሩን ከድና ወንበር ቀየረች። ሽፋኑ ላይ በትልቁ «የሕክምና አማካሪ፦ ዶክተር አክስቴ» ብዬ ጽፌያለሁ። ትቆጪ ይሆናል፤ ግን አማካሪ ያለው የጭራቅ መጽሔት በከተማው ውስጥ የእኛ ብቻ ነው።

ያንቺን ከመላኬ በፊት ሦስቱም ቅጂዎች በክፍሉ ውስጥ ዞረው ጫፋቸው አልቋል። ከታንከሩ ውሃ የሚጠጣ ተማሪ ጠፋ። ሁሉም ከቤቱ በጠርሙስ ይዞ ይመጣል። ርዕሰ መምህሩ አስጠርተውን ሁለታችንም በሁሉም ፊት ከታንከሩ ቀድተን እንድንጠጣ አደረጉን። ጠጣን። ረጅሟ ዓይኗን በአምስት ጣት ሸፍና ነው የጠጣችው።

እማዬ መጽሔቱን የስፌት ጠረጴዛዋ ላይ ዘርግታ ለደንበኞቿ ሁሉ ታሳያለች። ጭራቁን አይደለም፤ ያንቺን ስም ነው። አሁን ደግሞ የምትጠይቅሽ አለ። አከራያችንን ታች በግራ በኩል ያለው የመጨረሻው ጥርሷ ያማታል። ልታስነቅለው ስትል እማዬ «እህቴ ሳታውቀው እንዳትነኪው፤ ለአንድ ጥርስ ዓለም ላይ ስንት መድኃኒት አለ» ብላ አስቆመቻት። የመድኃኒቱን ስም ጻፊልን። አከራያችን እጠብቃለሁ ብላለች።

አዘጋጇ


ታኅሣሥ 29 ቀን

ለአዘጋጇ፣

ሰላም ለቤታችሁ ይሁን። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ፤ ሥራ በዝቶ ነው።

መጽሔቱን ሁለቴ አነበብኩት። ጭራቁ በየጊዜው አፉን ከፍቶ በታንከሩ ግድግዳ ላይ ጥርሱን የሚያንኳኳበት ቦታ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ይህን ድምፅ ከየት አመጣሽው? ረጅሟን ጥላዎቿ ግሩም ናቸው በያት።

ከዚህ ጋር ሃምሳ ሉክ የካርቦን ወረቀትና አንድ እሽግ የስፌት መርፌ ልኬያለሁ። መርፌው ለእናትሽ ነው፤ ወረቀት እንዳትሰፊበት። ጫማውን በሚቀጥለው ወር።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ከሚቀጥለው ቁጥር ጀምሮ የአማካሪውን ስም ከሽፋኑ ላይ አውጪው። መጽሔቱ የእናንተ ነው፤ የእኔ ስም አይጨምርለትም።

አክስትሽ


ጥር 12 ቀን

ለአክስቴ፣

እንደምን ከረምሽ? ካርቦኑ ደርሶናል፤ ከዚህ በኋላ ሦስተኛው ቅጂም ሳይነበብ አይቀርም። እማዬ ታመሰግንሻለች። እኔ ግን ደብዳቤሽን ሦስቴ አገላብጬ የአከራያችንን ጥርስ ፈለግኩት፤ አጣሁት። ረስተሽው ነው?

ሌላ ነገር ተፈጥሯል። የባዮሎጂ መምህራችን መጽሔቱን ከአንዷ እጅ ነጥቀው አነበቡት። ሲስቁ ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ተነሺ አሉኝ።

«የሰው ጥርስ ስንት ነው?»

«ሃያ ስምንት።»

«ማን ነው ያለው?»

«አክስቴ። ዶክተር ናት። በየቀኑ ነው የምታየው።»

መጽሐፉን ከፍተው ለክፍሉ አነበቡት። ሠላሳ ሁለት። ከዚያ «አክስትሽ የት ነው የተማረችው?» አሉኝ፤ ክፍሉ ሳቀ። እኔ የመጽሐፉ ማተሚያ ቤት ተሳስቶ ይሆናል ብዬ ዓይኔን በጨው አጥቤ ተከራከርኩ። ወደ ቤት ስመለስ ግን በመስታወት አፌን ከፍቼ ቆጠርኩ፤ የእኔ ገና አልሞላም። የእማዬን ተኝታ ሳለች ቆጠርኩት። ሠላሳ አንድ ነው፣ አንዱ የወለቀበት ቦታ ይታያል።

አክስቴ፣ «ድንጋጤ» የመጨረሻ ገጹ ላይ «እርማት» የሚባል ዓምድ አለው። በመጀመሪያው ቁጥር ላይ «እናስፈራለን እንጂ አንዋሽም» ብለን ጽፈናል። ስለዚህ አምስተኛው ቁጥር ላይ ማረም አለብኝ። ግን ምን ብዬ? የጥርስ ሐኪም በጥርስ ቁጥር ትሳሳታለች? የተናገርሽው ነገር ሁሉ ልክ ነው፤ ቀለሙ፣ የሚበላበት ጎን፣ ፉጨቱ። መምህሩም ይህንን አምነዋል። ቁጥሩ ብቻ ለምን?

የአከራያችን ጉንጭ አብጧል። ሦስት ቀን ሆናት፤ ከሾርባ በቀር አትበላም። አሁንም ያንቺን መልስ ነው የምትጠብቀው፤ እማዬ አስምላታለች። እባክሽ ቶሎ ጻፊ።

የእህትሽ ልጅ


ጥር 22 ቀን

ሰላምታውን ወደ መጨረሻ አደርገዋለሁ። ይህን እንዳነበብሽ ተነሺና አከራያችሁ ዛሬውኑ ጥርስ ሐኪም ጋ ትሂድ በይ። አክስቴ ብላለች በይ። ጉንጭ ካበጠ መጠበቅ የለም። ሄደሽ ተመለሽና ቀሪውን አንብቢ።

መምህርሽ ትክክል ናቸው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ሆኜም አላውቅም። በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሰው ሠራሽ ጥርስ አጥባለሁ።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ባለ ጎማውን ጠረጴዛ እየገፋሁ በየክፍሉ እገባለሁ። ሃያ ሦስት ክፍል፣ ሃያ ሦስት ብርጭቆ። ማታ ጥርሳቸውን አውልቀው ውሃ ውስጥ ያስቀምጡታል። እኔ ብርጭቆዎቹን ሰብስቤ መታጠቢያ ቤት እወስዳቸዋለሁና በተርታ እደረድራቸዋለሁ። ሁሉም ይስቃሉ። ጥርስ ብቻውን ሲሆን ከመሳቅ ሌላ የሚያውቀው ነገር የለም። አንድ በአንድ በብሩሽ አጥቤ ቁርስ ከመድረሱ በፊት ለየባለቤቱ እመልሳለሁ። አንድ ቀን ሁለት ብርጭቆ ላይ የተለጠፈው ቁጥር ለቆ ጥርስ አቀያየርኩ። ሁለቱ ሽማግሌዎች እስከ ምሳ ድረስ አንዱ በሌላው ጥርስ ሲበሉ ዋሉ። አንደኛው «ዛሬ አፌ ውስጥ እንግዳ አለ» ሲል ነው የነቃሁት።

ሙሉ የሰው ሠራሽ ጥርስ ሃያ ስምንት ነው። ዳር ዳር ያሉትን አራት መንጋጋዎች አይሠሩላቸውም። እኔ የቆጠርኩት ያንን ነው። የራሴን አፍ እንኳ ከፍቼ አልቆጠርኩም።

እዚህ እንደመጣሁ ለእናትሽ በጻፍኩት የመጀመሪያ ደብዳቤ «ጥርስ ላይ ነው የምሠራው» አልኳት። እናትሽ «ዶክተር ሆንሽልን» ብላ መለሰችልኝ፤ በእንባዋ ቀለሙ ተበትኖ ነበር። ያንን ማረም አቃተኝ። ሁለተኛውን ደብዳቤ ዝም ብዬ አለፍኩ፣ ሦስተኛውን አለፍኩ፣ አሥር ዓመት ሆነ። በውሸቱ እንጂ በሥራው አላፍርም ብዬ ልጽፍልሽ ፈልጌ ነበር። እሱም ሌላ ውሸት ይሆናል። በሥራውም አፍራለሁ።

ለእናትሽ እኔ ራሴ እነግራታለሁ። እስከዚያ በአንቺ ዘንድ ይቅር። ሰላም ሁኚልኝ፤ ሰላምታዬ ይኸው።

አክስትሽ


የካቲት 8 ቀን

ለአክስቴ፣

ሰላም ላንቺ፣ ለሃያ ሦስቱም ብርጭቆዎች።

አከራያችን ሄደች። ሐኪሙ ጥርሱን ነቅሎ፣ ሌላ ሁለት ቀን ብትቆይ መንጋጋዋ ይጎዳ ነበር አላት። አሁን አፏ ይከፈታል፤ መጀመሪያ የወጣው ነገር ደረጃ ላይ ስለ መሮጤ ያላት ቅሬታ ነው። እማዬ «አየሽ፣ ዶክተሯ ከዚያ ሆና አወቀችው» እያለች ነው። ዝም አልኩ። ዝም ማለት እንዴት እንደሚከብድ አሁን ገባኝ፤ አሥር ዓመት ሳይሆን አሥር ቀን ነው የሞከርኩት።

አሁን ደግሞ ልቆጣሽ። በየጠዋቱ ሃያ ሦስት የሚስቅ ጥርስ እያየሽ ለእኔ ሳትነግሪኝ ቀረሽ? ዶክተር ብትሆኚ ኖሮ ጥርስ ከነሰውየው ነበር የምታዪው፤ ያ ማንም የሚያየው ነገር ነው። ደብዳቤሽን ሳነብ ዓይኔን በስንት ጣት ልሸፍን ብዬ አሰብኩ። አንድም አልሸፈንኩም፤ እንዳያመልጠኝ ፈርቼ። የማፍርብሽ ነገር ፈልጌ አጣሁ፤ ጥያቄ ብቻ ነው ያገኘሁት። ጥርሱ ይንሳፈፋል ወይስ ይሰምጣል? ሲታጠብ ድምፅ ያወጣል? ነክሶሽ ያውቃል? አንድ ሰው ሲሞት ጥርሱ የት ይሄዳል?

አምስተኛው ቁጥር አልቋል፤ የእርማቱ ገጽ ብቻ ባዶ ነው። «ሠላሳ ሁለት ነው» ብዬ መዝጋት እችላለሁ፤ አንባቢ ግን አማካሪዋ ለምን ተሳሳተች ብሎ ይጠይቃል። እማዬም አንባቢ ናት። ምክንያት ፈጥሬ ብጽፍ «አንዋሽም» ያልነው ገደል ገባ። እውነቱን ደግሞ ሳትፈቅጂ አልጽፍም። ለረጅሟም አልነገርኳትም፤ ለምን እንደዘገየን ስትጠይቀኝ ክር አልቋል አልኳት። አንቺ እስክትወስኚ አልሰፋውም።

አዘጋጇ


የካቲት 26 ቀን

ለአዘጋጇ፣

ጤና ይስጥልኝ። ጥርሱ ይሰምጣል። ሲታጠብ እርስ በርሱ ከተጋጨ ካርታ እንደሚበወዝ ይንኳኳል። አልነከሰኝም፤ ግን የተሰበረ ጫፍ አንዴ ጣቴን ወግቶኛል። ሰው ሲሞት ከባለቤቱ ጋር ይሄዳል፤ አጥቤ የምሰጠው እኔ ነኝ። ያን ቀን ብርጭቆውን ወዲያው አላነሳውም።

ለእናትሽ አምስት ደብዳቤ ጀመርኩ። «እህቴ ሆይ» እላለሁ፣ ከዚያ እጄ ይቆማል። ለመጽሔት ሲሆን ግን ተጻፈልኝ። ይህንን አንድም ቃል ሳትነኪ አውጪው፤

«እርማት። በአራተኛው ቁጥር የአዋቂ ሰው ጥርስ ሃያ ስምንት ነው ተብሎ የወጣው ስህተት ነው፤ ሠላሳ ሁለት ነው። ስህተቱ የአማካሪዋ እንጂ የአዘጋጇ አይደለም። አማካሪዋ ዶክተር ተብላ መጠራቷም ስህተት ነው፤ በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የጥርስ አጣቢ ናት። ይህ ስህተት አሥር ዓመት ሳይታረም የቆየው አማካሪዋ ስላፈረች ነው። እህቷን ይቅርታ ትጠይቃለች።»

ለእናትሽ የመጀመሪያውን ቅጂ ስጫት፤ ጥርት ያለውን። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ ሳታሳምሪ ጻፊልኝ።

አክስትሽ


መጋቢት 19 ቀን

ለአክስቴ፣

እንዳልሽው ሳላሳምር እጽፋለሁ።

እማዬ የተማሪ ቀሚስ ጠርዝ እየሰፋች ነበር። መጽሔቱን ጠረጴዛው ላይ አደረግኩላት። እንደ ልማዷ ስምሽን ሽፋኑ ላይ ፈለገች፤ የለም። ገለበጠችና ከመጨረሻው ገጽ ደረሰች። እግሯ ከመኪናው መርገጫ ላይ ቆመ። ሁለቴ ስታነበው ከንፈሯን አየሁ። ከዚያ መጽሔቱን ከጨርቁ ሥር አድርጋ ስፌቷን ቀጠለች። ሁለት ቀን አላናገረችኝም። አንዱን እጅጌ ገልብጣ ሰፋችው፤ እማዬ እጅጌ ስትገለብጥ ዕድሜዬን ሙሉ አይቼ አላውቅም። ያጠፋሁ መስሎኝ ፈራሁ፤ ፊልም ላይ እንደምፈራው አይደለም።

በሦስተኛው ቀን አንዲት ደንበኛ ልብሷን ልትለካ መጥታ «ዶክተሯ እህትሽ እንዴት ናት?» አለቻት። እማዬ መለኪያውን አንገቷ ላይ አንጠለጠለች።

«ዶክተር አይደለችም» አለች። «ጥርስ ታጥባለች። ሃያ ሦስት ሰው ቁርሱን የሚበላው በእሷ እጅ ነው።»

ሃያ ሦስት መሆናቸውን መጽሔቱ ላይ አልጻፍነውም። ደብዳቤዎችሽን ከሳጥኔ አውጥታ አንብባቸዋለች ማለት ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን እጣላት ነበር።

ደንበኛዋ እንደወጣች «ይሄ ነገርሽ የአንባቢ ደብዳቤ ይቀበላል?» አለችኝ። ይቀበላል አልኳት። ጨርቅ የምታሰምርበትን እርሳስ አነሳችና ቆማ ጻፈች። ለስድስተኛው ቁጥር ነው፤ ግን መጀመሪያ አንቺ አንብቢው። እንዳለ ገልብጬዋለሁ፤

«ለጥርስ አጣቢዋ። የምታጥቢበት ውሃ ሙቅ ነው ቀዝቃዛ? ጓንት ይሰጡሻል? እጅሽ ከልጅነትሽ ጀምሮ ብርድ አይችልም። ይህን አሥር ዓመት ሙሉ ሳልጠይቅሽ ጫማ ስጠይቅሽ ኖርኩ። አንባቢ፣ እህትሽ።»

አዘጋጇ


ሚያዝያ 11 ቀን

ለ«ድንጋጤ» አንባቢ፣ ለእህቴ፣

ደህና ነኝ። አንቺም ደህና ሁኚልኝ።

ውሃው ለብ ያለ ነው፤ የፈላ ከሆነ ጥርሱን ያጣምመዋል። ጓንት ይሰጡኛል፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ግን አልነበረም። በብርድ ወራት እጄ አሁንም ይሰነጠቃል፣ ያመኛል። ይህን ጽፌልሽ አላውቅም፤ የዶክተር እጅ ስለማይሰነጠቅ ነው።

ቅባት ብትልኪልኝ ደስ ይለኛል። እዚህም ሞልቷል፤ ግን ካንቺ ምንም ነገር ጠይቄ አላውቅም።

እህትሽ